ተለቅመው የወጡ ሁለት ዘፈኖች

ባለፈው ሳምንት ከጊንጆ ሰፈር ወደ ገበያ የወሰደኝ የባጃጅ ሾፌር የድርና ማግ ባንድን ዘፈን ከፍቶ ነበር። ሳላስበው «‹የሐምሌ ደብዳቤ›ስ የለህም?» አልኩት።

«ማዘር፣ የነሱ ዘፈን አንድም አይቀረኝ። እንደዛ የሚባል የላቸውም። ተምታቶብዎት ነው።»

ተምታቶብኝ! ደሜ ፈላ። የባንዱ የድሮ ካሴት ሁለተኛ ገጽ መጨረሻ ላይ ሁለት ለስላሳ ዘፈኖች ነበሩ፤ የመጨረሻው እሱ ነው።

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ኦርጅናሉን ወንድሜ ከአዲስ አበባ ልኮልኛል። ጂማ ውስጥ ያን ካሴት የማያጫውት ሻይ ቤት አልነበረም፤ ነገር ግን የጭፈራው ዘፈን ሲያልቅ ሰው ሁሉ ሁለቱን ሳይሰማ «ገልብጠው!» ይላል። እኔና ጎረቤቴ ዙበይዳ ደግሞ እነሱ ጓሮ ተቀምጠን፣ የተቀቀለ ጎደሬ በአዋዜ እየበላን፣ ባትሪው እስኪደክም ሁለቱን ዘፈኖች እንደጋግም ነበር። ሁለቱ ላይ ዘፋኙ አይጮህም፤ አጠገባችን ተቀምጦ የሚያወራን ይመስላል። ሰው ይህን እንዴት አይሰማም እያልን እንናደዳለን። ንዴቱ ራሱ ደስ ይለን ነበር መሰለኝ።

ኅዳር ላይ ዙበይዳ አጋሮ ልትዳር ሆነ። ቡና በየደጁ ተሰጥቶ ከተማው የቀዩን ፍሬ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ይሸታል። «ሁለቱን ካስቀዳሽልኝ፣ አጋሮም ብሆን ካንቺ አልራቅኩም» አለችኝ። ባዶ ካሴት ከኦርጅናሉ ጋር ይዤ በቾ ቦሬ ሰፈር ወዳለው ጋሽ ከማል ሙዚቃ ቤት ሄድኩ።

ጋሽ ከማል ሙዚቃ ቤት ከመክፈታቸው በፊት ቡና መጋዘን ውስጥ መጥፎውን ፍሬ የሚያወጡ ለቃሚዎች አለቃ ነበሩ። ዘፈንንም እንደ ቡና ይለቅሙ ነበር። ሻይ ቤቶች ካሴት ሲያመጡላቸው ሰው የማይሰማውን አጥፍተው በቦታው የተወደደውን ይደግሙበታል። «ማጥራት» ይሉታል። ይህን እያወቅኩ «እንዳለ ይቅዱልኝ» ማለት አልመጣልኝም።

በማግስቱ ስሄድ ፊታቸው በርቷል። ኦርጅናሉ ጀርባ ላይ፣ እንዳይቀዳበት ክፍት የተተወችው ቀዳዳ በፕላስተር ተደፍናለች።

«ኢንተሎ፣ ልጄ፣ አጠራሁልሽ! መጨረሻው ላይ ሁለት ቀዝቃዛ ዘፈን ነበረብሽ፤ በምትኩ ምርጦቹን ደገምኩ። የጓደኛሽንም ከሱ ነው የቀዳሁት። ወላሂ፣ ለሙሽራ ብዬ ነው!»

«ከኦርጅናሉ ላይ አጠፉት?»

«ሙልጭ አድርጌ!»

መጮህ ነበረብኝ። ካሴቱን መወርወር ነበረብኝ። ግን የአባቴ እኩያ ናቸው፤ ደግሞ እንዴት ደስ እንዳላቸው! «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሽ ከማል» ብዬ ወጣሁ። ያቺ ምስጋና እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

ከዙበይዳ ጋር ካሴቱን እስከ መጨረሻው ሰማነው። የተደገመው ጭፈራ ካበቃ በኋላ ከጠፋው ዘፈን የተረፈች ጭራ አለች፤ ጥቂት ጊታር፣ ከዚያ «መልሱን ሳልጽፍልሽ ክረምቱ ወጣ»፣ ከዚያ ጸጥታ። ዙበይዳ መልሳ አጠነጠነችው።

ኋላ ሌላ ኦርጅናል ስፈልግ፣ የሚሸጠው ሁሉ የባንዱ ምርጥ ምርጥ ዘፈን የተለቀመበት ቅጂ ብቻ ሆኖ ነበር። በዚያች ጭራ ስንት ዓመት ኖርኩ።

ሾፌሩ ቆም ብሎ ስልኩን ፈተሸ። «የለም አላልኩዎትም?» እልህ ያዘኝና ያችን ስንኝ ዘፈንኩለት።

«አሪፍ ናት!» አለ ዞር ብሎ። «መጀመሪያውስ?»

አፌን ከፈትኩ። ምንም አልመጣ አለኝ። ግጥሙም ዜማውም የለም፤ ያለችኝ ጭራዋ ብቻ ናት። በራሴ ተናድጄ ወረድኩና ገበያው መሐል ቆሜ አጋሮ ደወልኩ።

«ዙበይዳ፣ ‹የሐምሌ ደብዳቤ› እንዴት ነበር የሚጀምረው?»

«አዬ እህቴ» አለች። «እኔም ጠፍቶብኝ፣ ስንት ጊዜ አንቺን ልጠይቅሽ ብዬ ፈርቼ ተውኩት።»