ትንፋሿና ድምጿ

ልጄ ሁለተኛ ክፍል እያለች ትምህርት ላይ ትተኛ ነበር። እኔም እዚያው ብቸና ትምህርት ቤት ስለማስተምር፣ መምህሯ በእረፍት ሰዓት እየመጣ «ዛሬም ደብተሯ ላይ ተኛች» ሲለኝ አፍራለሁ። የመምህር ልጅ ሰነፍ ተባለች ብዬ። ቤት ሳስነብባትም ዓይኗ ይከደናል። አንድ ቀን በማስመሪያ እጇን መታኋት። አላለቀሰችም።

«እማዬ፣ እኔ እኮ አልጠራሁትም፤ ራሱ ነው የሚመጣው» አለችኝ።

ማንኮራፋቷን አውቅ ነበር። ግን አባቷም ያንኮራፋል። ስትወለድ ጀምሮ አገጯ ትንሽ፣ ወደ ውስጥ የገባ ነው። አማቴ «የአያቷን መልክ ወስዳ ነው» ይሉ ነበር፤ እኛም በዚያው ተውነው።

ነገሩን የነቃችበት ሞጣ ያለችው ታላቅ እህቴ ናት። ለፋሲካ እሷ ቤት ሄደን ልጄ ከምሳ በኋላ መደብ ላይ ጋደም አለች። እህቴ ሽንኩርት እየላጠች ድንገት ቢላዋውን አስቀመጠች።

«እስቲ ዝም በይ።»

አዳመጥኩ። ልጄ ስታንኮራፋ ቆየችና ጸጥ አለች። ደረቷ ይንቀሳቀሳል፤ አየር ግን አይገባም። ከዚያ እንደታነቀ ሰው ተወራጭታ ትንፋሿን ሳበች።

«ይቺ ልጅ ስትተኛ ትንፋሿ ይቆማል። አታዪም እንዴ?»

«ጉንፋን ይዟት ነው።»

«ጉንፋን አይደለም። ነገ ሐኪም ቤት ትወስጃታለሽ።»

ሞጣ ያዩዋት ሐኪም ወደ ባሕር ዳር ላኩን። እዚያ ቶንሲሏና ከአፍንጫዋ ጀርባ ያደገው ሥጋ መተንፈሻዋን ዘግቶታል ተባለ፤ በቀዶ ጥገና ወጣላት። ቀጥሎ የመጡት ወራት ደግ ነበሩ። ጠዋት እኔን ቀድማ ትነሣለች። ሰንበት ትምህርት ቤት ገብታ መዝሙር ጀመረች። አባቷ መሪጌታ ነው፤ ድምጿን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ፈገግ ይላል።

ክረምቱ ሲገባ ማንኮራፋቱ ተመለሰ። ከበፊቱም ባሰ። ባሕር ዳር ስንመለስ ሐኪሟ ሁለታችንንም አስቀምጣ ነገረችን።

«አገጯ ትንሽ ስለሆነ፣ ስትተኛ ምላሷ ወደ ኋላ እየወደቀ ጉሮሮዋን ይዘጋዋል። ቶንሲሉ ቢወጣም ይህ አልተለወጠም። አገጩን ወደ ፊት የሚያመጣ ቀዶ ጥገና አለ፤ እሱ ግን እስክታድግ ይቆይ። ትንፋሿ በቆመ ቁጥር ግን ልቧ ይጎዳል፤ እስከዚያ አይችልም። አንገቷ ላይ መተንፈሻ እንክፈትላት።»

«ድምጿስ?» አለ ባለቤቴ።

«ቀዳዳውን በጣቷ ስትይዘው ትናገራለች። መዝሙሩን ግን ቃል አልገባልዎትም።»

ባለቤቴ ተነሣ። «ጸበል እንሞክራለን» አለ። አልተከራከርኩም። አልዋሽም፣ ደስም ብሎኝ ነበር፤ የልጄ አንገት ሲበሳ ማየት አልፈለግሁም።

እስከ ጥር ጠበቅን። በጥር እግሯ አበጠ፤ ከንፈሯ ጠቆረ። እህቴ ከሞጣ መጥታ ልጅቱን አየቻትና ባለቤቴ ፊት ቆመች። ከዚያ በፊት ቀና ብላም አነጋግራው አታውቅም።

«የኔታ፣ ልጅቱን ለመዝሙር ነው የወለዷት?»

ወደ ግቢው ወጥቶ ብዙ ቆየ። ሲመለስ ጋቢውን ተከናንቦ «ተነሡ፣ እንሂድ» አለ። ሆስፒታል ፈርሙ ሲሉት ፊርማውን ስላበላሸ ሁለት ጊዜ ወረቀት ተቀየረለት።

ቀዳዳው ተከፍቶ ቱቦ ገባበት። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ እንቅልፍ ሲወስዳት ምንም ድምፅ የላትም። ሞታብኝ ነው ብዬ ዘልዬ ደረቷን ያዝኩ።

«ተኝታ ነው። ተዪያት» አለችኝ ነርሷ።

ልጄ እስከዚያ ቀን ድረስ እንቅልፍ ጠግባ እንደማታውቅ ያኔ ገባኝ። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ፤ ባለቤቴም መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። 

ልቧ ተሻለው፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልዳነም። ሐኪሟ «ቀድማችሁ ብትመጡ ኖሮ» አላለችንም። ባትለንም እናውቀዋለን። ቱቦው በቀን ብዙ ጊዜ መጽዳት ስላለበት ማስተማሬን ተውኩ። ልጄ ዛሬም መዝሙር ትሄዳለች፤ ኋላ ቆማ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ባለቤቴ ቤት ውስጥ ሲያዜም ከሰማሁት ቆየ።

ባለፈው ወር ወደ ሞጣ ስንሄድ፣ ግንደወይን ላይ ሕፃን የታቀፈች ሴት ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ አጠገባችን ተቀመጠች። የልጄ ሻሽ ተንሸራቶ ቱቦው ታየ። ሴትዮዋ ልጇን ወደ ጉያዋ ሸጉጣ ከኋላ ካለ ሰው ጋር ወንበር ተቀያየረች። ልጄ ዞረችና ጣቷን አንገቷ ላይ አደረገች።

«አይጋባም እኮ» አለች፣ በዚያ በሚሻክር ድምጿ። «መተንፈሻዬ ነው።»

«እግዜር ይማርሽ፣ ልጄ» አለች ሴትዮዋ። ግን ወደ ቦታዋ አልተመለሰችም። ልጄ ሻሿን አስተካከለች። እኔ ሞጣ እስክንገባ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ።