አባቴ የፈቀዱት ቪዲዮ

በእህቴ ሠርግ ሳምንት፣ የሴቶቹ ጨዋታ የነበረ ዕለት፣ አክስቴ ደጃፋችን ላይ ዘንቢል ይዛ ስልክ ስትሰበስብ ዋለች። ለሙሽራው እናት እንኳ አልራራችም። እኛ በአሮጌው ከተማ ግንብ ውስጥ የምንኖር ሴቶች ለብቻችን ስንሆን ሻርፓችንን እንጥላለን፣ ፀጉራችንን ለቀን እንጨፍራለን፤ እዚያ ክፍል ውስጥ የታየ እዚያው ይቀራል። ዕቃዋን ይዛ የገባች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ከፎቶ ቤት የመጣችው ቪዲዮ አንሺ። ሴት ናትና አመንናት። ካርዱን ከካሜራዋ አውጥታ ለማን እንደምታስረክብ ማናችንም አልጠየቅንም።

ከሠርጉ በኋላ አንድ ወር ያህል ቆይቶ፣ ከግንቡ በሮች አንዱ በሆነው ፈላና በር ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ሰው እስኪሞላ እጠብቃለሁ። ሹፌሩ ስልኩን መሪው አጠገብ ሰክቶ አጫጭር ቪዲዮ ያያል። አንዲት ሙሽራ ፀጉሯን እስከ ወገቧ ለቃ ትሽከረከራለች። መጀመሪያ የለየሁት ከኋላዋ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የእናቴን ቀይ ስፌት ነው። ከዚያ እህቴን። ከሥር የፎቶ ቤቱ ስልክ ቁጥርና «ለሠርግዎ ይደውሉልን» የሚል ጽሑፍ፤ ከዚያም በታች የማላውቃቸው ወንዶች ስለ ወገቧ የጻፉት። ሹፌሩ ከመጀመሪያው መልሶ አጫወተው። ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። መንገድ ላይ የተሳደብኩትን እዚህ መጻፍ አልችልም።

እህቴ ከእኔ ቀድማ አውቃ ኖሯል። ከምትሠራበት ፋርማሲ ከቀረች ሰነባብታ ነበር፤ እኔ ጉንፋን መስሎኝ። ለካ አንድ ደንበኛ መድኃኒቱን ከእጇ እየተቀበለ «ጭፈራሽ ያምራል» ብሏታል። ካሣም ይቅርታም አልጠየቀችኝም። አስጠፊልኝ በቃ፣ አለችኝ።

ፎቶ ቤቱ ከግንቡ ውጭ፣ አዲሱ ከተማ ውስጥ ነው። ባለቤቱ በደንብ ተቀበለኝ፤ ይኸው ራሱ አናደደኝ። ወንበር ጠርጎ አስቀመጠኝ፣ ውሃ አስመጣ። ቪዲዮው ብዙ ሥራ እንዳመጣለት ነገረኝና እህቴም ልትኮራ ይገባታል አለ። ማን ፈቀደልህ አልኩት። «አባታችሁ» አለኝ። ሒሳብ ሲዘጉ፣ ለማስታወቂያ ብንጠቀምበት ቅር ይልዎታል ወይ ብሎ ጠይቋቸው፣ ተጠቀሙበት ብለውታል።

አባቴ! ያን ቀን ከወንዶቹ ጋር ዳስ ውስጥ ተቀምጠው የዋሉት፣ ውሃ ሲጠማቸው እንኳ የዚያን ክፍል ደጃፍ ላለመርገጥ ልጅ የላኩት አባቴ! የሃያ ሴት ፀጉር እሳቸውን ተጠይቆ ተፈቀደ።

በመሥሪያ ቤቴ ስለ አዲሱ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ሥልጠና ሰጥተውን ነበር። የታሸገ ውሃ ጠጣን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ተበተንን። የከተማው ሰው ሁሉ መልክ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ባለ ፎቶ ቤት ግን እዚያ አልነበረም። ስለዚህ እኔው ነገርኩት፦ መፍቀድ ያለባት የተነሳችው ሴት ራሷ ናት፤ አጥፋ ካለችህም ታጠፋለህ። ሳቀብኝ። ያ ሕግ ለባንክ ነው፣ ሁለት ኮምፒውተር ያለኝን እኔን ማን ዞር ብሎ ያየኛል አለ። ደግሞም ሥራው ጥራት ያለው መሆኑን እንድረዳለት ፈለገ፤ የራሱን ሠርግ እንኳ በገዛ እጁ እንዳቀናበረና ከዚያ የሚበልጥ ሥራ እንደሌለው አወራኝ።

«እስቲ እሱን አሳየኝ» አልኩት።

ማውሱ ላይ ያለው እጁ ቆመ።

«እሱ እንኳ በፓስወርድ ነው የተቀመጠው» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የሴቶቹ ስለሆነ... ቤተሰቦቿም አይወዱም። ወላሂ፣ አማና ነው እህቴ።»

አማና! አደራ የሚባለውን ያውቀዋል ማለት ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላዋቂ መስሎኝ ትንሽ አዝኜለት ነበር። የመታወቂያ ፎቶ ሊነሱ ተራ የያዙት ሁሉ እስኪሰሙ ጮህኩበት፤ ሚስትህ አማና ከሆነች የእኔ እህት ምንድን ናት አልኩት። ዓይኔ እያየ ቪዲዮውን አጠፋው። ከዚያ በፊት በየሰው ስልክ የወረደውን ግን እሱም እኔም ልናጠፋው አንችልም፤ ይህን ለእህቴ እንዴት እንደምነግራት ሳስብ ነው ቤት የደረስኩት።

አባቴ መግሪብ ሰግደው ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ወሬው ደርሷቸዋል።

«እኔ የፈቀድኩት ምኑን ነው?» አሉኝ።

እሳቸው ያሰቡት የሙሽሮቹን መኪናና የወንዶቹን ዳስ ነበር። አሳዪኝ አሉ። ከፎቶ ቤቱ በፍላሽ ተቀብዬ ያመጣሁት ቅጂ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ግን የጎረቤቶቻችን ሚስቶችና ሴት ልጆች ሁሉ ፀጉራቸውን ለቀው ያሉበት ነው፤ ላሳያቸው እንደማልችል ነገርኳቸው። እውነትሽን ነው ብለው አቀረቀሩ።

የባጃጁ ሹፌር ሁለቴ አይቶታል። አባቴ እስከ ዛሬ አላዩትም።