ወርጄ ሳላየው የፈረምኩበት ኩሬ

ዛሬ ጠዋት አዴ ፋጡማ ቢሮዬ መጥተው «ልጄ፣ አታለውሃል» አሉኝ። ምነው በተቆጡኝ!

አዴ የምላቸው እንደ እናት ነው፤ ከአንድ ሳሙና ፋብሪካ በታች ወንዝ ዳር ሰላጣ ተክለው ጊደር መጋላ ገበያ ወስደው ይሸጣሉ። እኔ የፋብሪካ ፍሳሽ ተቆጣጣሪ ነኝ።

«ውሃው ተጣርቶ ነው የሚለቀቀው ብለህ ፈርመሃል ሲሉኝ የፋብሪካው ሰዎች፣ ላሜን ከወንዙ አጠጣኋት። ወላሂ፣ በሦስተኛው ቀን ሞተች።»

ማንም አላታለለኝም። የፈረምኩ ቀን ዝናብ ነበር፣ ጫማዬም አዲስ። ወደ ማጣሪያ ኩሬው ሳልወርድ ሥራ አስኪያጁ ክፍል ቁጭ ብዬ ፈረምኩ። (ጫማው እስካሁን ንጹሕ ነው።)

አብረን ወደ ፋብሪካው ሄድን። ኩሬው ደርቆ ሣር በቅሎበታል። ፍሳሹ በሌላ ቱቦ አረፋውን ይዞ በቀጥታ ወንዝ ይገባል።

እንዲቆም እዚያው ትእዛዝ ጽፌ ሰጠሁ። ከዚያ «አዴ፣ አላታለሉኝም። ሳላይ ነው የፈረምኩት» አልኳቸው።

«ጎረቤቶቼም ያመኑህ እኔ ፈርሟል ብዬ ስለነገርኳቸው ነው» አሉኝ። «ና፣ አንተው ንገራቸው።»

ቤት ለቤት ዞሬ ነገርኳቸው። የሰደበኝ የለም። አንዲቷ ብቻ ንግግሬን ሳልጨርስ ጥጃዋን ከወንዙ ልትመልስ ሮጠች።

እናንተስ፣ ሳታዩ የፈረማችሁበት ነገር ኋላ ሰው ፊት አቁሟችሁ ያውቃል? እባካችሁ ጻፉልኝ።