የቀኝ አጥንት ለግራ እግር

ሥራ የጀመርኩት ደርግ በወደቀ በሁለተኛው ዓመት ነው፤ መቀሌ፣ በአንድ ሆስፒታል ኦፕራሲዮን ክፍል። ኀላፊያችን ሲስተር ምሕረት መቆንጠጫውንና የአጥንት መጋዙን በተራ አስያዘችኝና፣ "የተጠየቅሽውን ታቀብያለሽ። እዚህ ክፍል የሚጠይቀው ሐኪሙ ነው" አለችኝ። ያን ቀን ፈንጂ የረገጠ ገበሬ እግር ተቆርጦ በጨርቅ ጠቅልዬ አወጣሁ። ምሳ አልበላሁም።

በእነዚያ ዓመታት ቁርጭምጭሚቱ የደቀቀ ሰው ሲመጣ ብዙ ምርጫ አልነበረንም። በሽቦና በብሎን እናስራለን፤ ካልሆነ መገጣጠሚያውን እናጣብቃለን፤ ከባሰ ይቆረጣል። ከሃያ ዓመት በላይ ከሠራሁ በኋላ ዶክተር ሐጎስ አጥንት ከውጭ ታትሞ እንደሚመጣልን ሲነግረኝ የሚቀልድ መሰለኝ።

"የሚታተመው ወረቀት ነው" አልኩት።

"ይሄ የብረት ዱቄት ነው፤ ማሽኑ እየደራረበ ያትመዋል። በሰውየው ልክ።"

ሰውየው ሰይድ ነው። ከወሎ መጥቶ መቀሌ ሓድነት ሰፈር ውስጥ ሕንፃ ላይ ድንጋይ ሲያመላልስ ወድቆ የግራ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ፤ ውስጠኛው አጥንት ደም አጥቶ ሞተ። "ሲስተር፣ ቆርጣችሁ እንዳትሸኙኝ" ይለኝ ነበር።

የሞተው አጥንት ቅርጹ ስለፈረሰ ልኩ የተወሰደው ከደህናው ቀኝ እግሩ ነው። በሲቲ ስካን የተነሳው ምስል ኮምፒዩተር ላይ በመስታወት እንደሚታይ ተገልብጦ የግራ መሆን ነበረበት። ከወራት በኋላ በአውሮፕላን አንድ ትንሽ ካርቶን መጣ። ውስጡ የሚያብለጨልጭ ብረትና የቀኙ አጥንት የፕላስቲክ አምሳያ ነበሩ።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት በነበረው ቀን ጀርሙ እንዲሞት ብረቱን ለመቀቀል ስረከብ ከአምሳያው ጎን ያዝኩት። ቁርጥ መንታ ናቸው። መገልበጥ የነበረበት ነገር እንዴት መንታ ይሆናል? ደነገጥኩ። ቀጥሎ ግን ስንት መሐንዲስና ዶክተሩም ያየውን እኔ አላርም አልኩ። አቀባይ ነኝ። በጨርቅ ጠቅልዬ መቀቀያው ውስጥ ከተትኩት።

በማግስቱ ሰይድ ከወገቡ በታች ደንዝዞ ጠረጴዛው ላይ ተጋደመ፤ እንቅልፍ ግን አልወሰደውም። ዶክተር ሐጎስ የሞተውን አጥንት ቁራጭ በቁራጭ አወጣ፤ እኔም ብረቱን አቀበልኩት። አልገባም። አዞረው፤ አልገባም። ሦስተኛ ሲሞክር እጁ ቆመ።

"ይሄ የቀኝ ነው" አለ በዝግታ።

ብረቱን መለሰልኝ፤ ትሪው ላይ አስቀመጥኩት።

"ዶክተር፣ አለቀ?" አለ ሰይድ ከመጋረጃው ወዲያ።

"ገና ነው ሰይድ።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለእኛ፣ "ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ" አለ።

"እኔ ትናንት አይቼዋለሁ" አልኩ።

ቀና ብሎ ተመለከተኝ። ከጭምብሉ በላይ ዐይኑ ብቻ ይታያል። "ሲሚንቶ አዘጋጂ" አለኝ። የአጥንት ሲሚንቶ ከመድኃኒት ጋር አቡክቼ ሰጠሁት፤ ሌላ አጥንት ታትሞ እስኪመጣ ባዶውን ቦታ ሞላበት፤ እግሩን ከውጭ በብረት ዘንግ አሰርነው።

ጠዋት ሁለታችንም አልጋው ድረስ ሄድን። ዶክተሩ ምስሉ ሳይገለበጥ መታተሙን፣ እሱም ለማጽደቅ የተላከለትን ንድፍ ሳያስተውል ፈርሞ መመለሱን ነገረው። ከዚያ እኔ የራሴን ተናገርኩ።

ሰይድ ወደ እኔ ዞረ። "አይተሽ ዝም አልሽ?"

"አዎ።"

"ለምን?"

"ዶክተሩ ያውቃል ብዬ።"

"እኔም ሁላችሁም ታውቃላችሁ ብዬ ነው እግሬን የሰጠኋችሁ" አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለተኛው አጥንት ከአምስት ወር በኋላ መጣ። ዶክተር ሐጎስን መቀቀያ ክፍል ድረስ ጠርቼ ከአምሳያው ጋር አስተያየን፤ ተቃራኒ ነበር፤ የግራ። ገባ። ሰይድ ዛሬ በእግሩ ይሄዳል፤ ቁልቁለት ላይ ያነክሳል፤ ድንጋይ መሸከም ግን ቀርቶበት ልብስ ይነግዳል። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ይለኛል፤ አይቆምም።

ለአዳዲስ ነርሶች የምላቸው ይህን ነው። የታተመ አጥንትም ቀኝና ግራ አለው። ከመቀቀሉ በፊት ከሐኪሙ ጋር ሆናችሁ እዩት። የተሳሳተ ከመሰላችሁ ሕመምተኛው ሳይተኛ ተናገሩ።