በሁዳዴ የተለዋወጡት ዳቦዎች

ለሥጋ እንጀራን፣ ለነፍስ ጾምን የሠራ፣ የሰውን ልጅ በሁለቱም የሚያኖር ልዑል እግዚአብሔር ስሙ ከፍ ከፍ ይበል። በእርሱ ፈቃድ ዛሬ የምጽፈው፣ ለቡ መብራት ኃይል ባለው የቤተሰቤ ዳቦ ቤት ላይ በዐቢይ ጾም ውስጥ አንድ ቅዳሜ የደረሰውን ነው።

ዳቦ ቤቱን ያቀናችው ባለቤቴ ናት። ዛሬ የሚሠሩበት ልጄና ምራቴ ናቸው፤ ገቢው ግን የእኛንም የታናናሾቹንም ጎጆ ያኖራል። እኔ ከቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ስመለስ ደጁ ላይ ወንበር አውጥቼ ከመቀመጥ በቀር የምረዳቸው የለም። ሆኖም የሰፈሩ ምእመናን በጾም ወራት ሌላውን ቤት አልፈው ወደ እኛ የሚመጡት፣ «የመሪጌታ ቤት ነው፤ ቅቤም ወተትም አይነካውም» ብለው እንደ ሆነ አውቃለሁ። ከምድጃው ይልቅ ቤቱን ያቆመው ይህ እምነት ነው።

በዚያ ሳምንት የወንጌላውያን አማኝ የሆነ ጎረቤታችን ሴት ልጁን ይድር ነበር። በሁዳዴ የእኛ ሰው ሠርግ ስለማይደግስ አዳራሹ እንደ ልብ ይገኛል። «ጋሼ፣ ድፎው ለጋ ቅቤ ይግባበትና ሠርጌን አሳምሩልኝ» ብሎ ለመነን። ዘመዳችን ባረፈ ጊዜ ቃሬዛ የተሸከመልን ሰው ነውና እምቢ ማለት ከበደን። ምራቴ የእርሱን ሊጥ በተለየ ጠረጴዛ፣ በተለየ ዕቃ አቦካች። በዚያው ዕለት ደግሞ ለጽዋ ማኅበራችን የታዘዘ የጾም ድፎ ነበር። ሁለቱም በኮባ ቅጠል ተጋግረው፣ በአንድ ዓይነት ነጭ ጨርቅ ተሸፈኑ። ልጄ በመኪናው ጭኖ አንዱን ጀሞ ለሠርጉ አዳራሽ ሰጠ፤ ሌላውን ይዞ ማኅበሩ ወደ ተሰበሰበበት ቤት መጣ።

ከቅዳሴ መልስ ነበር። ካህኑ ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ባረኩና፣ በዕድሜ ታላቅ ስለ ሆንሁ ቢላዋውን ለእኔ ሰጡኝ። ኮባውን ገልጬ፣ አማትቤ መቁረስ ጀመርሁ። ቢላዋው ጥቂት እንደ ገባ የዳቦው ልብ ብጫ ሆኖ ታየኝ። ጎንበስ አልሁ። ከላይ የሚሸተው ጥቁር አዝሙድ ነው፤ ከውስጥ የወጣው ግን የቅቤ ሽታ ነበር።

እጄ ባለበት ቆመ። ቀና ስል በሩ ሥር የቆመውን ልጄን አየሁት፤ ገብቶታል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ከሁለታችን በቀር ያወቀ የለም። ብናገር የዳቦ ቤቱ ስም በዚያች ሰዓት ሊያበቃ ነው፤ ዝም ብል ይህን ሁሉ ጾመኛ በገዛ እጄ ላስገድፍ ነው።

«መሪጌታ፣ ደከመዎት እንዴ? ላግዝዎት?» አሉኝ ሙሴ የምንላቸው የማኅበሩ መሪ።

ቢላዋውን አስቀመጥሁ። «ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ ይቅር በሉን። ይህ ዳቦ የፍስክ ነው፤ ቅቤ አለበት። ከሠርግ ቤት ዳቦ ጋር ተለዋውጦብናል።»

አንደበታቸውን የምንፈራቸው አንዲት እናት ከጥግ ተነሡ። «በሁዳዴ ቅቤ! ምነው መሪጌታ፣ ፋሲካ እናንተ ቤት ቀድሞ ገባ?»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። እርሳቸው አልሳቁም። «የዛሬውን እርስዎ ስለ ቆረሱት አወቅን፤ እሰይ። እስከ ዛሬ የበላነውስ?»

በጉባኤ ቤት መጻሕፍትን ስማር ለከባድ ጥያቄ ሁሉ ምስክር መጥቀስን ተምሬ ነበር፤ የተበላ ዳቦ ግን ምስክር አይሆንም።

ልጄ ወጥቶ ስልክ ይደውል ጀመር። «አትቁረሱት! በእግዚአብሔር፣ አትቁረሱት!» እያለ ሲጮኽ ሁላችንም እንሰማዋለን።

የጀሞ መንገድ በሚኒባስ ተጨናንቆ ስለ ነበር ብዙ ጠበቅን። ጠላው እንኳ አልተቀዳም። በመጨረሻ የሙሽራዪቱ አባት ሙሉ ልብሱን ከነክራቫቱ እንደ ለበሰ፣ ድፎውን ታቅፎ ገባ።

«ጋሼ፣ ይኸው፣ ቢላ አልነካውም! ሙሽሮቹ ሊቆርሱት ሲሉ ነው የተደወለልን። ልጄን በጾም ዳቦ ልትድሩብኝ ነበር እኮ!» አለና፣ የተጀመረውን ዳቦ አየት አድርጎ «ይሄኛው ተባርኳል መሰለኝ?» ብሎ ጠየቀ።

ካህኑ ፈገግ አሉ። «ተባርኳል። ይዘህ ሂድ፤ ሙሽሮቹን አይጎዳቸውም።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። የጾሙን ቆርሼ፣ በሁሉ ፊት አስቀድሜ ቀምሼ አደልሁ። እኒያ እናት ግን ድርሻቸውን ሳይቀምሱ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

ሰኞ ማለዳ ደጃችን ጭር አለ። ደንበኞቻችን አንገታቸውን ደፍተው በወዲያኛው ጥግ ያልፋሉ፤ ትኩሱ ዳቦ መደርደሪያው ላይ ቀዘቀዘ።

«አባዬ፣ ዝም ብትል ኖሮ እኮ ማንም አያውቅም ነበር» አለኝ ልጄ።

ባለቤቴ ዘላ ገባችበት። «አፍህን ያዝ! ሳያይ የጫነው ማን ሆነና!»

ይህን ስንባባል እኒያ እናት ከተፍ አሉ። «ዳቦ ልገዛ አልመጣሁም። ሊጥ የምታቦኩበትን አሳዩኝ።»

ልጄ ሊቆጣ ቃጣው፤ ምራቴ ግን በሩን ከፈተችላቸው። ዘይቱን አሸተቱ፤ የዕቃ መደርደሪያውን ፈተሹ፤ ከዚያ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጠው «እጅሽን እንደገና ታጠቢ» እያሉ ምራቴን ያዝዟት ጀመር። መስኮቱ ወደ መንገድ ስለሆነ አላፊው ሁሉ ያያቸዋል።

አንድ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ አንገቱን አስግጎ «እማማ፣ እዚህ ምን ይሠራሉ?» አላቸው።

«እጠብቃለሁ!» አሉት።

ሰውየው ጥቂት አሰበና መስኮቱ ሥር ቆመ። ከኋላው ሌላ ሰው ቆመ። የመጀመሪያው ዳቦ ከምድጃ ሲወጣ ሰልፉ እስከ ጥጉ ደርሶ ነበር። እኒያ እናት እስከ ሆሳዕና እየመጡ ጆንያው ላይ ተቀመጡ፤ አንድም ቀን ደግ ቃል አልወጣቸውም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ቡሃቃችሁን ከበረከት አያጉድል፤ በቤታችሁ ያለውን ሰው በፍቅር ያኑር፤ የጀመራችሁትን ጾም አስፈጽሞ ለትንሣኤው ብርሃን በሰላም ያድርሳችሁ። አሜን።