የብላክ ሃርበር መሃንዲስ

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ኢንግልዉድ

ኤርፖርቱ ከቤቴ የአሥር ደቂቃ ድራይቭ ነው። ስንት ዓመት ታክሲ ነድቼ ሰው ያደረስኩበት ቦታ፣ ዛሬ ራሴ ተሳፋሪ ሆኜ ስገባ በየት በኩል እንደሚገባ ጠፋኝ። ወሩ ጁላይ ነው፤ እኔ ግን ከወንድሜ የተዋስኩትን ካፖርት ደርቤ በላብ ተጠምቄያለሁ። ጋሼ ታምራት በአንዲት ሹራብ ብቻ መጡና ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"አንተ ሰው፣ ጦር ሜዳ ነው እንዴ የምትሄደው?"

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሼ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ከጓደኞቻችን ጋር ፌርፋክስ ያለው የሐበሻ ምግብ ቤት ምሳ በበላን ቁጥር አንድ ወሬ አላቸው፦ ወጣት ሳሉ በአላስካ ሰሜን ጫፍ፣ ብላክ ሃርበር በምትባል የድንጋይ ከሰል ከተማ ዋና መሃንዲስ ነበሩ። አሁን ከተማዋ ሰው የላትም። ከጠረጴዛችን የሚያምናቸው አልነበረም፤ የባስኩት ደግሞ እኔ ነኝ። "ኢንጂነር፣ እስቲ ጨው ያቀብሉኝ" እያልኩ ሰው አስቅባቸው ነበር። አንድ ቀን ግን መረራቸው። "ሳልሞት አይታችሁ ትመሰክራላችሁ!" አሉና ሁለት ቲኬት ቆረጡ። ጓደኞቼ ምስክር አድርገው እኔን መረጡ። ጴንጤ አይዋሽም ብለው ነው። እኔም ደረቴን ነፍቼ ተቀበልኩ።

ረቡዕ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ከአርክቲክ ክበብ ወዲያ

ሁለት በረራ፣ አንድ ሆቴል፣ ሃያ ስድስት ዶላር የተባለ ደረቅ ሀምበርገር። ከዚያ አራት ሰው የምትይዝ አውሮፕላን። ገና ከመሬት ስትነሳ ጮክ ብዬ በልሳን መጸለይ ጀመርኩ። ፓይለቱ ደንግጦ ወደ ጋሼ ዞረ።

"ጓደኛህ ደህና ነው?"

"ታክሲ ነጂ ነው፤ መሪ ካልያዘ ይፈራል" አሉት።

ጠጠር ላይ አረፍን። ፓይለቱ ሁለት ሰዓት እንደሚጠብቀን፣ ጉም ከመጣ ግን እዚያው እንደምናድር ነገረን። ብላክ ሃርበር በእውነት አለች! የዛገ ክሬን፣ መስኮት የሌለው ትምህርት ቤት፣ ከሥራቸው በረዶው እየቀለጠ የዘመሙ ቤቶች። ነፋሱ አጥንት ይሰብራል፤ ስለ ካፖርቱ ወንድሜን መረቅሁት።

"መጀመሪያ ድንኳን ብቻ ነበር" አሉ ጋሼ። "መርከብ የሚመጣው በሰመር ብቻ ነው። ከዚያ ዳቦ ቤቱ ተሠራ፣ ሲኒማው ተከፈተ፣ ልጅ ሁሉ ተወለደበት። በኋላ የከሰል ዋጋ ወደቀ። ኩባንያው 'የዘንድሮ መርከብ የመጨረሻው ነው' አለ። በአራት ቀን ነፍስ ያለው ነገር አልቀረም።"

ስልኬን አውጥቼ መቅረጽ ጀመርኩ። "ኦኬ ጋሼ፣ ሶ የመሃንዲሶቹ ቢሮ የቱ ነው?"

አንዱን አሳዩኝ፤ ክሊኒክ ሆኖ ተገኘ። ሌላውን አሳዩኝ፤ የልብስ ማጠቢያ ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በሆዴ "ያዝኩዎት!" ብዬ ደስ አለኝ።

ጋሼ ቆሙ። "አጥፋው ስልኩን" አሉኝ። ከዚያ ምንም ሳያመነቱ በሁለት ቤቶች መሃል አልፈው አንድ በር በትከሻቸው ገፉ። ጨለማ ነው። "ደረጃ አለ፣ እንዳትወድቅ" አሉኝ፤ እውነትም አለ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ለካ ወጥ ቤት ነው። ረጅም የብረት ገንዳ፣ ከጎኑ እስከ ደረቴ የተደረደረ ነጭ ሳህን።

"የመጨረሻው ቀን ሁሉም ወደ መርከቡ ሲሮጥ፣ አለቃዬ 'ተወው፣ ማን ሊበላበት ነው' አለኝ። እኔ ግን ቆሻሻ ትቶ መሄድ ነውር መሰለኝ። ሁሉንም አጥቤ ደረደርኩት።"

"ጋሼ፣ ታዲያ እርስዎ..."

"ሳህን አጣቢ ነበርኩ። አራት ዊንተር። አባቴ በሬዎቹን ሸጦ ነው የላከኝ። መሃንዲስ ሆንኩ ብዬ ጻፍኩለት። ደስ ብሎት ሞተ። ከዚያ በኋላ ውሸቷን እንዴት ልመልሳት? ከተማዋን ካየህ የቀረውን ታምነኛለህ ብዬ ነበር። በል እንግዲህ፣ ምስክር ነህ፤ ንገራቸው።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያን ሁሉ ቀን ሰው ያሳቅሁት በዚህ ሰው ነው። በተዋስኩት ካፖርት እጅጌ የላይኛውን ሳህን አቧራ ጠረግሁ። ጋሼ ሁለተኛውን አነሱ። ፓይለቱ መጥቶ እስኪጠራን ድረስ ሁለታችንም ሳህን ስንጠርግ ቆየን።

ዓርብ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ ፌርፋክስ

ጠረጴዛው ሞልቷል። ገና ሳንቀመጥ ጀመሩ።

"እህሳ ምስክር! መሃንዲስ ነበሩ አልነበሩም?"

ጋሼ አንገታቸውን ደፍተዋል።

"ዋና መሃንዲስ ነበሩ" አልኩ። "ቢሯቸው ገብቻለሁ። ስማቸው እስካሁን በሩ ላይ አለ።"

ስሙን ጨምር ያለኝ ማን ነው? ያልለመደ ሰው ውሸት ሲጀምር ልኩን አያውቅም። ከዚያ አንዱ ተነስቶ የጋሼን ትከሻ ሳመ፤ "ኢንጂነር፣ ይቅር ይበሉን" አለ። ሌሎቹም ተከተሉ። የጋሼ ዓይን እንባ ሞላ። እኔ ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ስለ ቢሮው ስፋት ልቀጥል አፌን ስከፍት ጋሼ አፌን የሚሞላ ጉርሻ አጎረሱኝ።

እሑድ ቸርች ውስጥ "ምስክርነት ያለው ይነሳ" ተባለ። ሁልጊዜ ማንም ሳይቀድመኝ የምነሳው እኔ፣ ሁለት እጆቼን ጭኖቼ ሥር ከትቼ ቁጭ አልኩ።