በስልክ የማይነገር ውጤት

ያኔ ከሰበታ እየተመላለስኩ አዲስ አበባ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራ ነበር፤ ውጤት የሚሰጥበት መስኮት ላይ። ሰው በስልክ ውጤቱን ሲጠይቀኝ «ማህተም ያለበትን ወረቀት መጥተው ይውሰዱ» ብዬ ስልኩን እዘጋለሁ። ክፉ ሆኜ አይደለም። አንድ ጊዜ የሰውን ውጤት ለሞክሼው ነግረን፣ ሰውዬው የሌለበትን በሽታ መድኃኒት ሲውጥ ከርሟል። በስልክ አይነገር የሚለው ሕግ የወጣው እኔው ስጨቀጭቅ ነው። ምነው ያን ቀን ምላሴን በቆረጠው!

የማስተር ፕላኑ ረብሻ በጋለበት ሰሞን ታናሽ እህቴ ታመመች። ራስ ምታት ነው ብለን ናቅነው። በማግስቱ አንገቷ አልታጠፍ አለ፤ እዚያው ሰበታ ሐኪም ቤት ስንወስዳት ማጅራት ገትር ነው ተባለ። ሁለት ቀን መርፌ ተወጋች፤ ትኩሳቱ ወይ ፍንክች! ሐኪሙ «ጀርሙ መድኃኒቱን ተላምዶት ይሆናል፤ ይህ በሽታ ሲቆይ ደግሞ ጆሮ ይነካል» አለና ከጀርባዋ የተቀዳውን ፈሳሽ ወደ እኔው መሥሪያ ቤት ላከው። እዚያ አንዲት አዲስ ማሽን ነበረች፤ የጀርሙን ጂን አንብባ የትኛው መድኃኒት እንደማይበግረው በሁለት ሰዓት ትናገራለች። ሌላው መድኃኒት ኩላሊት ስለሚጎዳ፣ ያለውም ጥቂት ስለነበር፣ በግምት አይጀመርም።

አምቡላንሱ ፈሳሹን አድርሶ ሳይመለስ መንገዱ ተዘጋ። መጀመሪያ ድንጋይና ጎማ፣ ከዚያ ተኩስ። ኢንተርኔትም የለም። ከሰዓት በኋላ በእኔ ቦታ ለተተካችው ልጅ ደወልኩ።

«ደርሷል እትዬ፤ ወረቀቱ እጄ ላይ ነው» አለችኝ።

«እሰይ! በይ አንብቢልኝ።»

«በስልክ?»

«አዎ በስልክ! እህቴ ናት እኮ!»

«እትዬ፣ እርስዎ ራስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩኝ? ብሳሳትስ?»

ለመንኳት። ሰደብኳት። ሐኪሙም ደወለላት፤ ለእሱም መልሷ ያው። የተናገረችው የእኔኑ ቃል ነበር፤ ምን ብዬ ልፍረድባት?

በማግስቱ ወረቀቱን ላመጣ በእግሬ ወጣሁ። ዓለም ገና ስደርስ አንድ ሽማግሌ ክንዴን ለቀም አደረጉኝ። «ኢንተላ ኮ፣ ዴቢኢ! ልጄ፣ ተመለሺ» አሉኝ፤ ከፊት ለፊት ተኩስ ይሰማል።

«ኦቦ፣ እህቴ ልትሞትብኝ ነው።»

«አንቺ ከሞትሽስ ማን ያስታምማታል?»

ተመለስኩ። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ያንኑ መርፌ ሲወጓት አየሁ። ከማየት በቀር ምን አቅም አለኝ? እግዜርን ለመለመን እንኳ አፈርኩ።

ወረቀቱ በሦስተኛው ቀን መንገድ ሲከፈት መጣ። ሐኪሙ የጠረጠረው ልክ ነበር፤ መርፌው ለዚያ ጀርም ከውሃ አይሻልም። መድኃኒቱ ተቀየረ። በሁለት ቀን ውስጥ ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ዓይኗን ገልጣ ውሃ ጠየቀች። ክፍሉን የሞላው ዘመድ እልልታውን አቀለጠው፤ ነርሷ እንኳ ዝም ልታሰኛቸው አልቻለችም። እኔ አልቅሼ ሲወጣልኝ ጎንበስ ብዬ «እህቴ፣ ተረፍሽልኝ!» አልኳት።

አፌን ትኩር ብላ አየችው።

«ምነው ሁላችሁም ታንሾካሹካላችሁ?» አለችኝ።